«ምጣድ አይቻልም»፦ መብራት ከከሰል እየረከሰ ከሰል ለምን ከቤታችን አልወጣም?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የተከራየ ሰው ይህቺን ነገር ሳይሰማት አይቀርም። ደላላው ክፍሉን አሳይቶ፣ ዋጋው ተቆርጦ፣ ቀብድ ሊከፈል ሲል አከራይዋ ከደጃፍ ሆነው አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ። «ምጣድ አይቻልም። ስቶቭም አይቻልም። ካውያ ግድ ከሆነ በሳምንት አንዴ።»

እኔም የመጀመሪያዋን ክፍሌን ስከራይ የተባልኩት ይኸው ነው። «እንዴ እትዬ፣ ታዲያ በምን ላብስል?» አልኩ። «በከሰል ነዋ ልጄ። መብራቱ እኮ የሁላችንም ነው።» ክፉ ሴት አልነበሩም። የመጀመሪያውን ሳምንት ከሰል የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው፤ ምድጃውም የእሳቸው ነበር።

«መብራቱ የሁላችንም ነው» ያሉትን ያኔ ሰበብ ነበር የመሰለኝ። አሁን ሳስበው ግን ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማብሰል ከሰማሁት ማብራሪያ ሁሉ አጭሩም ትክክለኛውም የእሳቸው ነው።

ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነው። አገራችን ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል የምታገኘው ከውኃ ነው። ግቤ ሦስት ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለም ቆይቷል። መኪናው በኤሌክትሪክ እንዲሄድ የተፈረደበት አገር ውስጥ ሽሮው ዛሬም ከሰል ላይ ይንተከተካል። ለምን ሲባል ሰው ሁሉ «መብራት ተወደደ» ይላል። መወደዱስ ተወዷል። ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል።

እስቲ ከምጣዱ እንጀምር። የቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ቢበራ ያን ያህል ነው። እስኪግል ሩብ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከዚያ ሊጡ ዞሮ፣ አክንባሎው ተከድኖ፣ እንጀራው ሰፌድ ላይ እስኪወጣ ሁለት ደቂቃ ተኩል እንበል። ሠላሳ እንጀራ እንግዲህ አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ፤ 3.5 በአንድ ተኩል ሲባዛ 5.25 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው፤ ቆጣሪያችን የሚቆጥረው በዚህ መለኪያ ነው። የለመደች ጋጋሪ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራ ምጣዱን ነቅላ በቀረው ግለት ታወጣቸዋለች፤ እሱን ትርፍ እንበለው።

ዋጋው ስንት ነው? በ2014 ዓ.ም. በነበረው ታሪፍ ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም ቤት፣ ማለትም የመጨረሻው እርከን፣ ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 2 ብር ከ48 ሳንቲም ይከፍል ነበር። በዚህ ትልቁ ዋጋ እንኳ የሠላሳው እንጀራ መብራት 13 ብር ነው። ለአንዱ 43 ሳንቲም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወስኗል። እሺ፣ ዋጋውን በሦስት እናባዛው። አንድ እንጀራ የ1 ብር ከ30 ሳንቲም መብራት በላች። የጤፉን ዋጋ ከጎኑ ስታስቀምጡት መብራቱ የት እንደገባ ይጠፋችኋል።

ከሰሉንም እንመዝነው። አንድ ኪሎ ጥሩ ከሰል 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት አለው። ተራ ምድጃ ግን ከዚህ ውስጥ ድስቱ ጋ የሚያደርሰው አምስተኛውን፣ ቢበዛ አራተኛውን ነው። የቀረው ግድግዳ ያሞቃል። ከሰል ቆጣቢዋ ላቀች ምድጃ ትንሽ ታሻሽለዋለች። በደህናው ቀን 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ድስቱ ውስጥ ገባ እንበል። ያንኑ ሥራ ስቶቭ በ3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ በዚያው በትልቁ የ2014 ዋጋ 7 ብር ከ50 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ሰፈራችሁ አንድ ኪሎ ከሰል ስንት እንደገባ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ማዳበሪያውን የገዛችሁበትን ለኪሎ አካፍሉትና እዩት።

ታዲያ ርካሹ መብራት ሆኖ ሳለ እጅ ያጠረው ሰው ለምን ውዱን ይገዛል?

ኃምሳዋ እርከን

የመብራት ታሪፍ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ከቆየ በኋላ በ2011 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ላይ ጭማሪ ተጀመረ። በአራት ዙር ነው የተጨመረው። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ግን እንዳይነካ ተደረገ፤ 27 ሳንቲም ላይ ቆየ። አራተኛው ዙር ሲያልቅ ከ51 እስከ 100 ያለው 77 ሳንቲም፣ ከ101 እስከ 200 ያለው 1 ብር ከ63 ሳንቲም ገደማ፣ ከ201 እስከ 300 ያለው 2 ብር ሆነ።

የመጀመሪያዋ እርከን ለድሃ ታስባ የተቀመጠች ናት። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ምን ምን ያስችላል? አራት አምስት አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ የስልክ ቻርጅ። ለዚህ ወሩን ሙሉ ይበቃል፤ ይተርፋልም። አሁን በሳምንት ሁለቴ ጋግሩ። በወር ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ነው፤ ከ42 እስከ 47 ኪሎ ዋት ሰዓት። ምጣዷ ብቻዋን እርከኗን ጨረሰቻት። ባለ 1.5 ኪሎ ዋት ስቶቭ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ ሌላ 67 ይመጣል። ፍሪጅ ካለ 30 ጨምሩ። ቤቱ 160 ላይ ደረሰ፣ እርከኑ ሁለት ደረጃ ወጣ፣ የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ከ27 ሳንቲም ወደ ስድስት እጥፍ ዘለለ።

ስለዚህ 50ዋ የተቆረጠችው ለመብራት ነው። ቃል በቃል ለመብራት። እኛም ብንሆን ኤሌክትሪክን ከአምፖሉ ለይተን አናየውም። ሲቋረጥ «መብራት ሄደ» ነው፣ ሲከፈል «የመብራት» ነው፣ መሥሪያ ቤቱም ስሙን ስንቴ ቢቀይር ለእኛ ያው «መብራት ኃይል» ነው። ለማብሰያ የሚሆን ኤሌክትሪክ በአነጋገራችንም በታሪፉም ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም።

ስድስት እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል እንጂ በዚያ ታሪፍ 160 ኪሎ ዋት ሰዓት ከ260 ብር ብዙም አያልፍም ነበር፤ የአገልግሎት ክፍያው ሳይጨመር። ከሰል የሚገዛ ቤት ከዚያ በላይ በወር ያወጣል። ግን የከሰል ወጪ ይንጠባጠባል። ዛሬ አንድ ላስቲክ፣ ከነገ ወዲያ አንድ ላስቲክ። ቢል አይመጣለትም። የመብራቱ በወር አንዴ ድምር ሆኖ ፊት ለፊት ይቆማል።

ካርድ ቆጣሪ ሲመጣ ደግሞ ጭንቀቱ ዓይነቱን ቀየረ። ቁጥሩ ሲወርድ እያያችሁ ነው የምትጋግሩት። ምጣዱ ሲሰካ ቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭታዋ ይፈጥናል፤ እንደ ሯጭ ልብ። ጎረቤቴ ለመጋገር ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው ሊጡን አይደለም፣ ቆጣሪውን ነው። «ሰባት ቀርቶኛል፤ ይበቃኛል አይደል?» ትለኛለች። ይበቃታል። ማታ ግን ልጆቹ ጨለማ ውስጥ እንዳያጠኑ ፈርታ ግማሹን ሊጥ ታሳድረዋለች።

ቆጣሪው የማን ነው?

እዚህ ላይ ነው እትዬ ትክክል የሚሆኑት። አንድ ግቢ አስቡ። ባለቤቷና አራት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ። እያንዳንዱ ቤት በወር 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ይጠቀማል። ለየብቻ ቢቆጠርላቸው አምስቱም የመጀመሪያዋ እርከን ውስጥ ናቸው፤ በ2014 ታሪፍ 27 ሳንቲም የነበረችው። ቆጣሪው ግን አንድ ነውና 200 ብሎ ያነባል። ለድሃ የተቀመጠችው እርከን፣ ድሃው የሚኖርበት ግቢ ውስጥ አልገባችም።

በዚህ ላይ አንዱ ተከራይ ምጣድ ቢሰካ ግቢው ሌላ እርከን ሊሻገር ነው። ሒሳቡ ደግሞ የሚከፋፈለው በነፍስ ወከፍ ወይም በአምፖል ቁጥር ነው። ያልጋገረው ለጋገረው ይከፍላል፤ ጠብ ይነሳል። አከራይዋ ጠቡን የሚያስቀሩበት ቀላሉ መንገድ ምጣዱን መከልከል ነው። አንዳንድ ግቢ በየክፍሉ ትንንሽ ቆጣሪ ያስገባል። ማን ስንት እንደተጠቀመ ይለያል፣ ጠቡ ይበርዳል፤ ትልቁ ቆጣሪ ግን ድምሩን እንጂ ክፍፍሉን አያውቅም፤ እርከኑ ያው ነው። የራስ ቆጣሪ ለማስገባት የቤቱ ማስረጃ ይጠየቃል። ተከራይ ማስረጃው ከየት ይምጣለት?

ስለ ንጹህ ማብሰያ በሚደረጉ ስብሰባዎች ላይ ስለ ምድጃ ዓይነት ብዙ ይወራል። ስለ ቆጣሪ ሲወራ ግን እምብዛም አልሰማሁም። እኔ ብሆን ከምድጃው በፊት ከቆጣሪው እጀምራለሁ።

ሽቦው የሚሸከመው

አከራይዋ ምጣድ የሚፈሩበት ሌላም ምክንያት አላቸው፤ እሱ የገንዘብ አይደለም። 3.5 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ነው። ደህና የሚባል የቤት ሶኬት የሚችለው መጨረሻውን ይኸን ያህል ነው። ለአምፖልና ለሬዲዮ ተብሎ የተዘረጋ የድሮ ቤት ሽቦ ላይ፣ በዚያ ላይ በማራዘሚያ፣ ምጣድ ሲሰካ የሚሆነውን ብዙዎቻችን አይተናል። መጀመሪያ የፕላስቲክ ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ይቀልጣል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ብሬከሩ ቀድሞ ይጥላል። ምጣድ የራሱን ወፈር ያለ መስመር ከቆጣሪው ይፈልጋል። ለዚያ ሽቦና ለኤሌክትሪሻኑ የእጅ ዋጋ ለሰው ቤት ብሎ የሚያወጣ ተከራይ አላየሁም።

ከግቢ ውጭም ያው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ቮልቴጁ ይወርዳል። ምጣድ ላይ ይህ ክፉ ነው። 220 የነበረው 180 ሲሆን ሰው «ትንሽ ቀነሰ» ይላል። ነገር ግን ኃይሉ የሚወርደው ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው፤ ምጣዱ ከሚገባው ሙቀት ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይቀርለታል። ውጤቱን እንጀራው ላይ ታነቡታላችሁ። ማሟሻዋ ስትበላሽ ማንም አይደነግጥም፣ ያለ ነው። ሦስተኛዋም አራተኛዋም ዓይን ሳያወጡ ድፍን ብለው ሲቀሩ ግን ጋጋሪዋ ማሰሻውን ጣል አድርጋ «መብራቱ ደክሟል» ትላለች። ትክክል ናት። ዓይን የሚወጣው ሊጡ እንዳረፈ በሚያገኘው ኃይለኛ ግለት ነው። እሱ ከሌለ እንጀራው ይቆያል፣ ይደርቃል፤ በቆየ ቁጥር ምጣዱ ከስሩም ከዳሩም ሙቀት ያባክናል። የደከመ መብራት ቢሉን አያቀልልም ማለት ነው።

የበዓል ዋዜማን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ ሲደርስ ከፍተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ለጊዜው ከኃይል ቋት እንዲወጡ ይጠየቃሉ። ቤተሰብም በፈረቃ እንዲጋግር ይመከራል። ግድብ ላይ ያለው ኃይል ብቻውን አያድንም፤ ሰፈር ያለችው ትራንስፎርመር ከተሸነፈች ተሸነፈች ነው።

ሊጥ አይጠብቅም

ወጥ ይጠብቃል። መብራት ቢሄድ ከድነው ያቆዩታል፣ ሲመጣ ይቀጥሉታል። አብሲት ገብቶበት ኩፍ ያለ ሊጥ ግን ቀጠሮ አይቀይርም። በሰዓታት ውስጥ ካልተጋገረ ይሆመጥጣል። ሸክላው ሽቦ የታቀፈ ነውና መብራት ሲሄድ አንስተው እንጨት ላይ አይጥዱትም። ወይ ጎረቤት፣ ወይ ሱቅ። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የግቤ ሦስት ውኃ ቀንሶ አገሩ በሙሉ ፈረቃ ሲገባ ይህ ያልደረሰበት ቤት ብዙ አይደለም። ፈረቃው አለፈ፣ ጥርጣሬው ግን ቀረ።

የሚጠራጠር ቤት ደግሞ መጠባበቂያ ይይዛል። ከደረጃው ስር ግማሽ ማዳበሪያ ከሰል ይቀመጣል። ከተቀመጠ አይቀር ለቡና ይቀጣጠላል። ጀበናው ወርዶ ዕጣኑ ካለቀ በኋላ ፍሙ ገና ቀይ ነው። «እንዳይባክን» ተብሎ ሽሮው ይጣድበታል። ነገ ደግሞ ምስሩ። ስቶቩ ጥግ ላይ ሳህን ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል። ማንም ተቀምጦ «ከሰል ይሻለናል» ብሎ አልወሰነም። ድሮ ቡታጋዝ በነበረበት ጊዜ መጠባበቂያው እሱ ነበር፤ ነጭ ጋዝ ሲወደድ እሱም ወጣ። ሲሊንደር የሚችል ቤት ሲሊንደር ይይዛል፣ እሱም ሲገኝ ነው።

በመሥሪያ ቤቱ በኩልም ሐቅ አለ። ለዓመታት 27 እና 50 ሳንቲም እየሰበሰቡ ትራንስፎርመር መቀየር አይቻልም። ርካሹ ታሪፍ ራሱ ነው መስመሩን ያደከመው ቢሉ አልከራከራቸውም። ቅር የሚለኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ጭማሪው በየሦስት ወሩ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። የደከመው መስመር የሚጠገንበትን ቀን ግን ማንም አልቆረጠልንም።

እስከዚያው ሰው የራሱን መላ አበጅቷል። ብቻውን የሚኖር ሰው መጋገር ትቷል፤ ሒሳቡም ይደግፈዋል። ሠላሳ እንጀራ ሲጋገር ለአንዱ 0.18 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። አምስት ብቻ ከሆነ ግን ምጣዱን ለማጋል የጠፋው ሩብ ሰዓት ለአምስት ነው የሚካፈለው፤ አንዱ 0.32 ይሆናል። ስለዚህ ከሱቅ ይገዛል። ኤሌክትሪክ ብዙ ተከራይ ጋ የደረሰው እንዲህ፣ በእንጀራ ሻጯ ምጣድ በኩል ነው።

የኤሌክትሪክ ፕሬሸር ኩከር የያዘ ተከራይም እያየሁ ነው። የሚስበው 1 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሆነ የድሮው ሽቦም ይችለዋል። ተሸፍኖ ስለሚያበስል ባቄላውን ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ባነሰ ያደርሰዋል። ድምፅም ስለሌለው አከራይ አይሰማም። ቁሌት ላይ ሰነፍ ነው፤ ለዶሮ ወጥ አልመክረውም። ኢንዳክሽን የሚባለው ምድጃ ግን ማግኔት የሚይዘው ድስት ካልሆነ አይሞቅም። የአልሙኒየም ድስታችንንም፣ ሸክላውንም፣ ጀበናውንም አያውቃቸውም።

ባለፈው ፋሲካ እትዬን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ቆጣሪው ያው አንድ ነው። ግን ግቢው ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተከለለች ማድ ቤት ተሠርታለች፤ ውስጧ አንድ ምጣድ፣ ከቆጣሪው በቀጥታ የመጣ ወፍራም ሽቦ። ተከራዮቹ በተራ ይጋግራሉ፣ ለአንድ ጋገራ 50 ብር ይከፍላሉ።

«እትዬ፣ 50 በዛ እኮ። በእኔ ሒሳብ ከዚያ በታች ነው» አልኳቸው።

«ሒሳቡን አንተ ታውቃለህ፣ ቢሉን ግን እኔ ነኝ የምከፍለው» አሉኝ።

ተራው ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ማክሰኞ የሰናይት፣ ሐሙስ የጥበቃው ሚስት፣ ቅዳሜ የእትዬ። የተጻፈው በከሰል ነው።